እንሰት በሦስት ቤተ ሙከራዎች
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በዲላ ከተማ የቀረበ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ በሕክምና፣ በሥነ ሕይወትና በቁሳ ቁስ ሳይንስ በቅርብ ዘመን የተገኙትን የምርምር ውጤቶች አጠር አድርጌ እንዳስረዳ ሲጠይቀኝ፣ በመጀመሪያ ያሰብሁት እንደ ልማዳችን ከውጭ አገር መጽሔቶች አስደናቂ የሆኑትን ለቃቅሜ በየተራ ላሰማችሁ ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉም ይህንኑ ስለቃቅም ሰነበትሁ። ኋላ ግን ከሐዋሳ ወደ ዲላ በሚያመጣው መንገድ ስጓዝ፣ ግራና ቀኙን የሞላው እንሰት ከመኪናው መስኮት አልጠፋ ቢለኝ፣ የለቃቀምሁትን ወረቀት አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት። ሦስቱ ሳይንሶች የሚገናኙበትን ነገር ለመፈለግ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም፤ ከዚህ አዳራሽ ወጥተን ጥቂት ብንራመድ ከአንድ ጓሮ እናገኘዋለን። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ተክል ይሆናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ከሰሜን ለመጣችሁ ባልደረቦቼ፣ እንሰት ማለት ድፎ ዳቦ ስትጋግሩ ቅጠሉን የምታነጥፉት ኮባ ነው። እናንተ ቅጠሉን ታውቃላችሁ፤ የጌዴኦ ሰው ግን ሥሩንም ግንዱንም ይበላዋል፣ ይተኛበታል፣ ያስርበታል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ ተክሉን አይቶ ሥዕሉን በመጽሐፉ አትሞታል። ዛሬ የምንገለገልበት የሳይንስ ስሙ ግን በ1859 ቬልቪች የተባለ የዕፀዋት ሊቅ ከአንጎላ ላገኘው የዱር ተክል ከሰጠው ስም የተወሰደ ነው፤ በ1947 ደግሞ ቺዝማን ከሙዝ ወገን ለይቶ «ኤንሴቴ» ከሚለው የወገን ስም ሥር አዋለው። ለምግብነት ኮትኩቶ የሚያለማው የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ስሙ በአንጎላ በኩል ዞሮ መምጣቱ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። በዛሬው ጊዜ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በዚህ ተክል እንደሚተዳደር ይገመታል።

የጌዴኦን ምድር አስቀድመው ያጠኑት ዶክተር ታደሰ ኪጴ በ2002 ለኔዘርላንዱ የዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ፣ ይህ አቀበትና ቁልቁለት የበዛበት አገር ያን ያህል ሕዝብ ተሸክሞ አፈሩ እንዴት ሳይታጠብ እንደ ኖረ መርምረዋል። ከላይ ትልልቁ የአገር በቀል ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰቱ፣ በእንሰቱ ጥላ ደግሞ ቡናው፤ ቅጠሉ ረግፎ አፈሩን ይሸፍናል፣ የእንሰቱ ግንድ ውሃ ይቋጥራል። የዓለም ቅርስ ኮሚቴ በመስከረም 2023 በሪያድ ባደረገው ስብሰባ የጌዴኦን መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ የመዘገበው የጥንቱን ትክል ድንጋይ ብቻ ሳይሆን ይህን ጓሮም ጭምር ነው። ታዲያ የተመዘገበው ቅርስ ሕይወት ያለው ነገር በመሆኑ ይታመማል።

ወደ ዋናው ነገሬ የምገባውም በዚሁ በሽታ ነው። በ1968 ዳኛቸው ይርጉና እንግሊዛዊው ብራድበሪ፣ እንሰትን የሚያጠወልገው በሽታ «ዛንቶሞናስ» ከተባለው ወገን በሚመደብ ባክቴሪያ የሚመጣ መሆኑን ለዓለም አስታወቁ። ምልክቱን የጌዴኦ ገበሬ ያውቀዋል፤ መካከለኛው ቅጠል ይገረጣል፣ ከዚያም ቢጫ ሆኖ ይታጠፋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ወደ ቢጫ የሚያደላ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣዋል። ያን ፈሳሽ የነካ ቢላዋ ጤነኛውን ተክል የነካ እንደሆነ፣ በሳምንታት ውስጥ ያም ይጠወልጋል። ብዙ ዓመት የተጠበቀ እንሰት በአንድ ወቅት ሲወድቅ፣ የወደቀው የዓመቱ ምርት ብቻ ሳይሆን የቤቱ መጠባበቂያ ሁሉ ነው። እነዚሁ ሁለት ተመራማሪዎች በ1974 ተውሳኩ ወደ ሙዝም መሻገሩን ገለጹ። ብዙ ሰው ልብ አላለውም። በ2001 ግን በኡጋንዳ የሙዝ እርሻዎች ታየ፤ ከዚያም ወደ ኮንጎ፣ ወደ ሩዋንዳ፣ ወደ ታንዛኒያ፣ ወደ ኬንያና ወደ ቡሩንዲ ተዛመተ፤ ያን ጊዜ የዓለም ቤተ ሙከራዎች ተነሡ።

እዚህ ላይ አንድ የሚከነክነኝን ነገር ሳልናገር አላልፍም። የቡናን ፍሬ የሚያበሰብሰው በሽታ በአገራችን የታየው በ1971 ነው፤ ማለትም የእንሰቱ ተውሳክ ከታወቀ ከሦስት ዓመት በኋላ። ሆኖም የጅማው የምርምር ጣቢያ ሊቃውንት ጫካ ለጫካ ዞረው፣ በሽታውን የሚቋቋሙ የቡና ዛፎችን መርጠው፣ በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ ለገበሬው አደረሱ። ዛሬ በጌዴኦ ከነባሮቹ ከኩሩሜ፣ ከደጋና ከወሊሾ ጎን የሚታዩት 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች የዚያ ሥራ ፍሬ ናቸው። እጅግ የሚያኮራ ሥራ ነው። ግን ቡና የውጭ ምንዛሪ ያመጣል፤ እንሰት የሚያመጣው የሰው ራት ነው። ተውሳኩ ከታወቀ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከበሽታው ፈጽሞ የሚድን የእንሰት ዓይነት ግን እስከ ዛሬ በገበሬው እጅ አልገባም። ወላይታዎች «ማዚያ» የሚሉት ዓይነት ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚታገሠው በተደጋጋሚ ሙከራ ታይቷል፤ መታገሥ ግን መዳን አይደለም።

በሥነ ሕይወት በኩል ነገሩ የተንቀሳቀሰው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነው። በ2014 የእንግሊዙ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእንሰትን የውርስ ጽሑፍ ረቂቅ አወጡ። ጽሑፉ ወደ 547 ሚሊዮን የሚጠጉ ፊደላት እንዳሉት ገምተዋል፤ የሙዝ ዘመዱ 523 ሚሊዮን ነው። ሁለቱ ዘመዳሞች በመጠን ቢቀራረቡም፣ እንሰት በሙዝ ዘንድ የሌሉ በራሂዎች፣ ማለትም ጂን የምንላቸው የውርስ ቅንጣቶች ተገኝተውበታል፤ ከእነዚህም አንዱ በሌሎች ዕፀዋት ውስጥ በሽታን ከመከላከል ጋር የሚዛመድ ነው። በ2018 ደግሞ በአረካ የምርምር ማዕከል የሚሠሩት ዘሪሁን የማታው ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የ17 የእንሰት ናሙናዎችን የውርስ ጽሑፍ አሳተሙ። ይህ ለምን ይጠቅማል የሚል ሊኖር ይችላል። እንሰት አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው፤ ገበሬውም እንዲያብብ አይፈቅድለትም፤ ከማበቡ በፊት ይቆርጠዋል። ችግኝ የሚያገኘው ከዘር ሳይሆን አምቾውን ቆፍሮ፣ እምብርቱን ወግቶ፣ መልሶ ሲቀብረው ዙሪያውን ከሚበቅለው ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት አዳቅሎ ውጤቱን ለማየት የሚነሣ ተመራማሪ ብዙ ዓመት መጠበቅ አለበት። የውርስ ጽሑፉ በእጁ ካለ ግን ገና በችግኝነቱ የሚፈልገውን ቅንጣት መኖር አለመኖሩን ሊመረምር ይችላል።

ኡጋንዳዎች ሌላ መንገድ ሞክረዋል። ከማያቃጥል ቃሪያ ሁለት በራሂዎች ወስደው በሙዝ ውስጥ አስገቡ፤ በታጠረ የሙከራ መሬት ተክለው ተውሳኩን ሰጡት፤ በ2014 በታተመው ውጤት መሠረት ከተተከሉት መካከል ጥቂቶቹ ፈጽሞ ሳይታመሙ አፈሩ። ይህ መንገድ ለእንሰትም ይሁን አይሁን የሚለው ክርክር ከባድ ነው። የደኅንነተ ሕይወት ሕጋችን በ2009 ወጥቶ በ2015 ተሻሽሏል፤ ስለዚህ በሩ ተዘግቷል ማለት አይቻልም። እኔ በበኩሌ መንገዱን አልጠላውም፤ ነገር ግን በየጓሮው ዐሥር ዐሥራ አምስት ዓይነት እንሰት አሰባጥሮ የሚተክለውን የጌዴኦን ገበሬ አንድ ዓይነት ብቻ ወደ መትከል የሚገፋው ከሆነ፣ የዛሬውን በሽታ አድነን ለነገው መንገድ እንጠርግለታለን ብዬ እሰጋለሁ።

ወደ ሕክምናው ልለፍ። እንሰት ለሕክምና የሰጠው ከሁሉ የበለጠ የተረጋገጠ ነገር፣ ብዙዎቻችሁ የማትጠብቁት ነው፤ ይኸውም ክኒን ነው። አንድ የመድኃኒት ክኒን ሳይፈረካከስ እንዲጠብቅ የሚያያይዘው፣ ሆድ ውስጥ በገባ ጊዜም እንዲበታተን የሚረዳው ስታርች ያስፈልገዋል። ይህን ስታርች የዓለም የመድኃኒት ፋብሪካዎች የሚያገኙት ከበቆሎና ከድንች ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፋርማሲ ሊቅ ፅጌ ገብረማርያም በ1993 እና በ1996 ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ ከእንሰት የወጣው ስታርች ለዚሁ ተግባር እንደሚውል አሳይተዋል፤ ክኒኑን በማያያዝ በኩል ከድንቹ ይበልጣል፣ በመበታተን በኩል ያንሳል። የጌዴኦ ሴቶች ለእንግዳ የሚያቀርቡት ነጩ ቡላ ከዚሁ ስታርች የተሠራ ነው። ይህ ከታወቀ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ሁለተኛው የሕክምና ነገር የአጥንት ነገር ነው። አጥንቱ ለተሰበረ ሰው የተመረጠ የእንሰት ዓይነት አምቾ ቀቅሎ በወተት ማብላት በደቡብ አገራችን የታወቀ ነው። በቅርብ ዓመታት በመድኃኒትነት የሚታወቁትን ዓይነቶች ከሌሎቹ ጋር እያነጻጸሩ ማዕድናቸውንና የፕሮቲን ቅንጣታቸውን የለኩ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች አሉ። ሥራቸውን አከብራለሁ፤ ሆኖም ማዕድን መለካት ብቻውን ፈዋሽነትን አያስረዳም። ካልሲየም በወተቱም አለ። በ1998 ጀርመኖቹ ሆልሸርና ሽናይደር፣ የሙዝ ዘመዶች ተውሳክን ለመከላከል ከሚያመነጩት ቅመሞች ወገን የሆኑትን በእንሰትም ውስጥ ማግኘታቸውን አስታውቀዋል። ይህም ለተክሉ ሕክምና እንጂ ለሰው ሕክምና ማስረጃ አይደለም። እዚህ ላይ በየገበያው «ሳይንስ አረጋገጠው» እያሉ የሚሸጡትን ሰዎች መቃወም የእኛ የባለሙያዎች ግዴታ ይመስለኛል።

ስለ ቆጮ መብላላትም ጥቂት ልበል። ብርሃኑ ጋሼ በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ በእንሰት ቅጠል በተለበጠው ጉድጓድ ውስጥ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚሠራ አሳይተዋል፤ መጀመሪያ አንዱ የባክቴሪያ ወገን ተነሥቶ ሊጡን ማኮምጠጥ ይጀምራል፣ ኮምጣጣነቱ ሲበረታ እርሱ ይደክምና አሲድ የሚታገሡት የላክቶባሲለስ ወገኖች ቦታውን ይወርሳሉ። በ2018 ደግሞ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲው አዲሱ ፈቃዱ አንደታና ባልደረቦቻቸው በጋሞ ደጋ ይህንኑ በአዲሱ የዲ ኤን ኤ መሣሪያ ደግመው መርምረውታል። የደጋ ሴት ከቀድሞው ጉድጓድ ጥቂት እርሾ ወስዳ በአዲሱ ላይ የምትጨምረው፣ ቤተ ሙከራ ጀማሪ ተውሳክ ብሎ የሚጠራውን ነው። ልዩነቱ እርሷ ለዚህ ሥራዋ ማዕረግ የሌላት መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ቤተ ሙከራ የቁሳ ቁሱ ነው። ሴቶቹ የእንሰቱን ግንድ ቅርፊት በዘመመ ሳንቃ ላይ አስደግፈው፣ በአንድ እግራቸው ይዘው፣ በቀርከሃ መፋቂያ ሲፍቁት ሥጋው ወርዶ የሚቀረው ነጭ ጭረት ቃጫ ይባላል። ገመድ፣ ከረጢትና ምንጣፍ ይሆናል። ይህ ቃጫ የአባካ የቅርብ ዘመድ ነው፤ አባካ የፊሊፒንስ ሙዝ ሲሆን፣ ከእርሱ የመርከብ ገመድ፣ የሻይ ከረጢት፣ እንዲያውም ለጃፓን የብር ኖት የሚሆን ወረቀት ይሠራል። በ2000ዎቹ አጋማሽ አንድ የታወቀ የጀርመን መኪና አምራች የትርፍ ጎማ መሸፈኛውን በብርጭቆ ጭረት ፈንታ በአባካ አጠናክሮ ሠርቷል። የአገራችን መሐንዲሶችም ቃጫን ከፕላስቲክ ሙጫ ጋር አዋህደው ቀላልና ጠንካራ ገበታ ለመሥራት በየዩኒቨርሲቲው እየሞከሩ ነው። ችግሩ ቃጫ ውሃ ይወዳል፣ ሙጫ ደግሞ ውሃን ይጠላል፤ ሁለቱ አይጣበቁም። ስለዚህ ቃጫውን በኮስቲክ ሶዳ ያጥቡታል፤ ሶዳው ሊግኒን የሚባለውን ማጣበቂያና ሌላውን ለስላሳ ክፍል አሟሙቶ ገጹን ያሻክረዋል፣ ሙጫውም ይይዘዋል። ሶዳው ከበዛ ግን ጭረቱን ራሱን ይበላዋል። ልኩን ማግኘት ነው ጥበቡ፤ ልኩም ከዓይነት ወደ ዓይነት፣ ከደጋ ወደ ወይና ደጋ ይለያያል። ተመራማሪው «እንሰት» ብሎ ሲጽፍ የትኛውን እንሰት እንደሆነ አለመጻፉ፣ ካነበብኋቸው ጽሑፎች በብዙዎቹ ያየሁት ጉድለት ነው። ገበሬዋ በስም ትለየዋለች።

ስለ ባለቤትነቱ ደግሞ ዝም ማለት አይገባም። በጤፍ የደረሰውን ታስታውሳላችሁ፤ በ2005 ከአገራችን መንግሥት ጋር ስምምነት የተፈራረመ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት አስመዝግቦ ኖሮ፣ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ እስኪሽረው ድረስ ዓመታት አልፈዋል። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ስለሚገኝበት ሁኔታ የወጣው 482ኛው አዋጅ ከ2006 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። አዋጅ ግን ወረቀት ነው፤ ናሙናውን በእጁ የሚቆርጠው ባለሙያ ደግሞ ከእኛ አንዱ ነው።

ይህን የምለው ራሴ ስላፈርሁበት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቡሌ ደጋ ወደሚገኝ አንድ ጓሮ ከአንድ የጌዴኦ ተማሪ ጋር ሄድሁ። የቤቱ እመቤት ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው እናት ነበሩ። የታመመውን እንሰት ለማየት መምጣታችንን ስንነግራቸው፣ በጌዴኦ ቋንቋ ለተማሪው የተናገሩትን እርሱ እያፈረ ተረጎመልኝ፤ «ከሦስት ዓመት በፊትም መጥተው ቅጠል ቆርጠው በፕላስቲክ ይዘው ሄዱ። የሆነውን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። አሁንስ ምን ልትወስዱ ነው?» አሉ። ቅጠሉን የወሰደው ተቋም የእኔ አልነበረም፤ ቢሆንም «እኛ አይደለንም» ማለት ለእርሳቸው መልስ እንዳልሆነ ገባኝ።

«እማማ፣ ዛሬ አንወስድም፤ ቢላዋዎን ብቻ ያሳዩን» አልኋቸው።

አመጡት። ተበድሮ ከሦስት ቤት የዞረ ቢላዋ ነበር። የግብርና ሠራተኛው ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲሻገሩ በእሳት እንዲያግሉት ነግሯቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ነግሯቸዋል። ለምን አያደርጉትም?

«ልጄ፣ እሳት የገባ ቢላዋ ስለቱ ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ ቅቤም አይቆርጥ» አሉኝ።

ባልደረቦቼ፣ ይህ ትክክለኛ የብረታ ብረት ሳይንስ ነው። ቀጥቃጩ ብረቱን አግሎ በውሃ በማጥለቅ የሰጠው ጥንካሬ፣ ብረቱ እንደገና በኃይል ሲግል ይለቅቃል፤ ስለቱም ቶሎ ይደንዛል። እኛ ስለ ተውሳኩ ስናስብ ስለ ብረቱ አላሰብንም። በበረኪና ማጠብም አለ፤ እርሱ ደግሞ ብረቱን ያዝገዋል፣ በገንዘብም ይገዛል። መፍትሔው ከሥነ ሕይወቱ በኩል ነበር። ይህ ባክቴሪያ እንደ አባ ሰንጋ ተውሳክ ሙቀት የሚቋቋም ስፖር አያበጅም፤ ከሚፈላ ውሃ በጣም ባነሰ ሙቀት ይሞታል። የፈላ ውሃ ደግሞ የብረቱን ጥንካሬ አይነካም። ስለዚህ ዝልግልጉን በአመድ ፈትጎ አጥቦ፣ ቢላዋውን በሚፈላ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ይበቃል፤ ሁለት ቢላዋ ካለ አንዱ እየተቀቀለ በሌላው ይሠራል። ከጉልቻው ላይ የቡናው ውሃ ይፈላ ነበርና እዚያው አሳየኋቸው።

ተማሪው ሲተረጉምላቸው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያም ቢላዋቸውን ከድስቱ አውጥተው፣ በጥፍራቸው ስለቱን ሞከሩና፣ «ይህን ለመናገር ነው ታዲያ ሦስት ዓመት የፈጀባችሁ?» ብለው ቡናውን ቀዱልን።